የማዳበሪያ ዕዳና የመምህሩ ደመወዝ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በሺንሺቾ ከተማ ለተሰበሰቡ አባላትና እንግዶች የቀረበ ንግግር)





እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ኅብረት ሥራና ትምህርት» የሚል ነበር። ሰፊ ርዕስ ነው። ሰፊ በመሆኑም ማንንም ሳያስቀይሙ፣ ማንንም ሳይጠቅሙ ግማሽ ሰዓት ለመናገር ያመቻል። ስለዚህ የበዓሉን አዘጋጆች አስፈቅጄ አጥብቤዋለሁ። የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የመንግሥት በጀት ሲጎድል የሕዝብ ትምህርት ቤት በስንተኛ ተራ መቆም አለበት? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት የካቢኔና የምክር ቤት ጥያቄ ይመስላል። የእኛም፣ በተለይ ደግሞ ማዳበሪያ በዱቤ እየወሰድን የኖርን ገበሬዎች ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የቅርብ ጊዜውን ነገር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ ክልሉ ከተከፋፈለ በኋላም በማዕከላዊ ኢትዮጵያና በደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች በርካታ ወረዳዎች የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በወቅቱ አልተከፈለም። አንዳንዱ ወረዳ የወሩን ደመወዝ በመቶኛ እየቆረጠ ከፈለ፤ በሌላው የሁለትና የሦስት ወር ተጠራቀመ። በጎረቤታችን በሐዲያ ዞን መምህራን ማስተማር ያቆሙባቸው ወረዳዎች ነበሩ። ወሬው በሬዲዮም በጋዜጣም ተሰማ። ምክንያቱን የተጠየቁ ኃላፊዎች ከሰጧቸው መልሶች መካከል ተደጋግሞ የተሰማው አንዱ «የማዳበሪያ ዕዳ» የሚል ነበር።

ይህን መልስ የሰማ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የገበሬው ማዳበሪያ ከመምህሩ ደመወዝ ጋር ምን አገናኘው? አንዱ የሚዘራበት፣ ሌላው የሚከፈለው ነው። ነገር ግን ሁለቱ ከተገናኙ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ግንኙነቱንም ከእኛ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የበለጠ ሊያውቀው የሚገባ የለም።

ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ የሚገዛ ዕቃ ነው። ግዢውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ የግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ይመጣል፤ ዩኒየን ይረከባል፤ ወደ መሠረታዊ ማኅበራት መጋዘን ይደርሳል፤ ከዚያ ገበሬው በአህያም በትከሻም ይወስደዋል። በዱቤ ሲሸጥ ገንዘቡን የሚያቀርበው ባንክ ነው። ባንክ ደግሞ ያለ ዋስ አያበድርም። ግማሽ ሄክታር እንኳ ለማይሞላ ይዞታ ማን ዋስ ይሆናል? መሬት በመያዣነት ለባንክ አይሰጥም ነበር። ስለዚህ የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረበት ከ1980ዎቹ ማብቂያ አንሥቶ ዋሱ የክልል መንግሥት ሆነ። ክልሉ ያስያዘው ደግሞ ሕንፃ ወይም መኪና አይደለም፤ በጀቱን ነው። ገበሬው የወሰደውን ባይመልስ፣ ከፌዴራል መንግሥት ለክልሉ ከሚመጣው የድጎማ በጀት ተቀንሶ ለባንክ ይከፈላል ማለት ነው። ክልሉም ጉድለቱን ብቻውን ተሸክሞ አይቀመጥም፤ ዕዳው ወዳለበት ዞንና ወረዳ ያወርደዋል።

እዚህ ላይ የወረዳን በጀት ማየት ያስፈልጋል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣቸዋል። በራሳቸው ምክር ቤት አጽድቀው ይሠሩበታል። ጥሩ አሠራር ነው፤ ሥልጣንን ወደ ሕዝቡ አቀረበ። ሆኖም ከዚህ በጀት ትልቁ ክፍል የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ከሠራተኛው መካከል ደግሞ በቁጥር የሚበልጠው መምህሩ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ወረዳው 100 ብር አለው፣ ከዚህም 80ው ደመወዝ ነው እንበል። ከላይ 20 ብር ቢቀነስበት ሥራ ማስኬጃውና ካፒታሉ ሁሉ ተጠርጎ ቢሄድ እንኳ ገና በመቻቻል ላይ ነን። 25 ብር ከተቀነሰ ግን ከደመወዝ ሌላ የሚነካ ነገር የለም፤ ከደመወዝም ሲነካ በብዛቱ መምህሩ ከፊት ይገኛል። ክፉ ሰው ተንኮል ስለሠራ አይደለም። ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

ነገሩን ወደ እርሻችን ላውርደው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ቀበሌ ሦስት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 4,000 ብር የማዳበሪያ ዕዳ ሳይመልሱ ቀሩ እንበል። 12,000 ብር ነው። ሦስት ሰዎች የአንድ ጀማሪ ሠራተኛን የወር ደመወዝ ይዘው ተቀመጡ ማለት ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች የራሳቸውን ልጆች የሚያስተምረውን ሰው ደመወዝ መያዛቸውን አያውቁም። የሚያውቁት «የመንግሥት ዕዳ አለብኝ» የሚለውን ብቻ ነው። «የመንግሥት» የሚለው ቃል ደግሞ በእኛ አገር ዕዳን ቀለል ያደርገዋል።

ይህን ስል ገበሬውን በደለኛ ለማድረግ እንዳይመስላችሁ። ዕዳው ያልተመለሰባቸው ዓመታት ምን ዓመታት እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ ሰምሮ በቆሎ ተትረፍርፎ ነበር። ዋጋው ግን ወድቆ ከማሳ እስከ ገበያ የማጓጓዣውን እንኳ የማይሸፍንበት ቦታ ነበረ። ብዙ አገር ገበሬው በሬውን ሸጦ ዕዳ ከፈለ። በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ በእኛ አካባቢና በወላይታ ገብቶ ለልጅ ልብስና ደብተር የሚሆነውን ዋና የጥሬ ገንዘብ ምንጫችንን አጠፋብን። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በተጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በቀጣዩም ዓመት ማዳበሪያው ራሱ ጠፍቶ የዘር ወቅት አለፈ። እንዲህ ባለ ዘመን ያልከፈለ ገበሬ ሁሉ አጭበርባሪ ነው የሚል ካለ ገበሬ አያውቅም።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ለእኛ ለማኅበራት የቀረበ ነው። ገበሬው ከፍሎ፣ ደረሰኙን ጣሪያ ሥር ሸጉጦ፣ ገንዘቡ ግን ከሰብሳቢው እጅ ወደ ባንክ ያልደረሰበት ጊዜ አለ። ለሌላ አጣዳፊ ሥራ «ለጊዜው» ተብሎ የወጣ፣ በዚያው የቀረ አለ። ደረሰኝ ሳይቆረጥ የተሰበሰበም አለ። ስም አልጠራም፤ የማንም ወረዳ ይህን ሲሰማ ራሱን ያውቃል። ዕዳው በድምሩ «የገበሬው ዕዳ» ተብሎ ስለሚጠራ፣ የከፈለውና ያልከፈለው፣ የሰበሰበውና ያስቀረው በአንድ ጆንያ ይታሰራሉ። ጆንያው ሲፈታ የሚወጣው የመምህሩ ደመወዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። በጀት ጎደለ። ምንጩ ዕዳ ይሁን፣ ጦርነት ይሁን፣ የገቢ ማነስ ይሁን፣ ጎደለ። ምን ይቅር?

የእኔ መልስ የሕዝብ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ተቆራጭ ይሁን የሚል ነው። «ለምን ከመንገድ በፊት? ለምን ከውኃ በፊት?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መንገድ ዘንድሮ ካልተጠገነ በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ወጪ ጠይቆም ቢሆን ይጠገናል። ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን ሦስተኛ ክፍል አንድ ጊዜ ነው። እናቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እንሰት ተካዮች ናቸውና። እንሰት ከችግኝነቱ ጀምሮ በየጊዜው እየተነቀለ፣ ሰፋ ወዳለ ቦታ እየተዛወረ ያድጋል። ማዛወሪያው ዓመት ካለፈበት ተክሉ አይሞትም፤ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ነገር ግን ሲፋቅ ቆጮ አይሞላም። የሁለት ወር ትምህርት ያመለጠው ልጅም እንዲሁ ነው። አልሞተም፣ ክፍሉን ዘልቋል፣ ሰርተፊኬት ይዟል። ሲፋቅ ነው የሚታየው።

ሲፋቅም አይተናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። መሻሻል አለ፤ አልካድኩም። ግን ከመቶ ልጅ ዘጠና ሲቀር ችግሩ በ12ኛ ክፍል የተፈጠረ አይደለም። በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ፊደል ሳይለዩ ያለፉ ልጆች ናቸው አሥር ዓመት ቆይተው በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የታዩት።

ከባሕር ማዶም አንድ ነገር ልጨምር። በአርጀንቲና በመምህራን የሥራ ማቆም ምክንያት በአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸው ብዙ ቀናት ያመለጧቸውን ልጆች አድገው ሥራ ከያዙ በኋላ ያጠኑ ሰዎች አሉ። በአማካይ ያመለጣቸው የግማሽ የትምህርት ዓመት ያህል ነው፤ 88 ቀን ገደማ። እነዚህ ሰዎች በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ላይ ሆነው ገቢያቸው ከእኩዮቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወንዶቹ ላይ ልዩነቱ 3 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በየወሩ፣ እስከ ጡረታ የሚቀነስ ነው፤ በየዓመቱ ከማሳችሁ ጥግ አንድ ትልም እየተቆረጠባችሁ እንደመኖር።

በእኛ አገር ደግሞ ይህ ጉዳይ ከሌላው ይብሳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በያኔው ከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ ይኖር ነበር። ዛሬ ስንት እንደሆነ ማሳችሁን አይታችሁ ገምቱ። አባት ለአራት ወንዶች ልጆቹ የሚያካፍለው መሬት የለውም፤ ቢያካፍልም የሚደርሳቸው የቤት ወለል እንጂ እርሻ አይሆንም። በፊት ወንጂና መተሐራ ስኳር ተክል ይወርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችን ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። መንገዱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ቦታ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው የተገኙበት ዜና የደረሰ ቀን በዚህ አገር ስልክ ያልደወለ ቤት አልነበረም። መሬት ማውረስ ያልቻለ ገበሬ ለልጁ የሚያወርሰው የቀረው ነገር ትምህርት ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለገበሬ ልጅ ሁለተኛ ትምህርት ቤት የለውም። የከተማው ባለ ገንዘብ ወደ ግል ትምህርት ቤት ያዛውራል፤ ኃላፊውም ልጁን ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ይልካል። የእኛ ልጅ ከብት ይጠብቃል።

ሕጉም ከእኔ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። «እየጨመረ የሚሄድ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። አንቀጽ 90 ደግሞ «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ሐሳብ አለበት፤ በጀት ሲጎድል ሰው የሚጠቅሰው ይህኛውን ነው። ሁለቱን አብረን ስናነባቸው እኔ የምረዳው አቅም ሲያንስ ሁሉም እኩል ይቀነስ ማለት አለመሆኑን ነው። ጤናንና ትምህርትን ለይቶ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የጤና ባለሙያው ደመወዝ ከመምህሩ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ይቁም፤ ሁለቱን ማወዳደር አልፈልግም። ከእነርሱ በታች ግን ብዙ ነገር አለ።

ምን አለ? ለሥራ ኃላፊዎቻችን በትሕትና ልናገር። ከወረዳ ውጭ በሆቴል የሚደረግ ሥልጠና አለ። የውሎ አበል አለ። የነዳጅ ወጪ አለ። ባነርና ቲሸርት አለ። የበዓል ድግስ አለ። (ዛሬ በግቢያችን የታረደውን ሰንጋ ማንም እንዳልረሳው አውቃለሁ፤ ወጪው የዩኒየኑ ነው፤ ለመጪው ዓመት ግን እርሱም ቢታሰብበት አልቃወምም።) እነዚህ ሁሉ ቢደመሩ የወረዳውን ጉድለት አይሞሉም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ አይሞሉም። ነገር ግን ደመወዝ ያልተከፈለው መምህር መኪናው ነዳጅ ሞልቶ ሲያልፍ ያያል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ኪሱ ብቻ አይደለም። በጠዋት ተነሥቶ ጠመኔ የሚያነሣበት እጁ ይዝላል።

ስለ ግንባታም አንድ ነገር ልበል። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» የሚለውን ንቅናቄ ከጀመረ ወዲህ ኅብረተሰቡ ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ ጉልበትና እንጨት እያዋጣ ትምህርት ቤቶችን አድሷል። መልካም ነው፤ የጭቃ ክፍል ውስጥ የተማረ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ግን ክፍል ሲሠራ ይታያል፣ ሪባን ይቆረጥበታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። ደመወዝ በሰዓቱ ሲከፈል ማንም አያጨበጭብም። በዚህ የተነሣ ገንዘብ ሲገኝ ወደ ሚታየው ነገር ያዘነብላል። ኬንያ ከነፃነቷ በኋላ በ«ሐራምቤ» ሕዝቡ በየመንደሩ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በራሱ መዋጮ ሠርቶ ነበር። ግንቡ ቆመ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ግን የሠለጠነ መምህር ለማግኘት ለረጅም ዘመን ተቸገሩ። ቆርቆሮ አያስተምርም።

እስቲ ደግሞ የመምህሩን ደመወዝ ከገበያ በኩል እንየው። በሺንሺቾም ሆነ በገጠሩ ከተማ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው፤ ከእነርሱም አብዛኛው መምህር ነው። ቅቤያችሁን፣ ዕንቁላላችሁን፣ ጤፋችሁንና ቆጯችሁን በገበያ ቀን የሚገዛው እርሱ ነው። ደመወዙ ሲዘገይ መጀመሪያ ከባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ ይጻፋል። ባለሱቁ ደግሞ ዕቃ የሚያመጣበት ያጣል። የቤት አከራይዋ ኪራይ አትሰበስብም። በሁለተኛው ወር ቅቤ ይዛ ገበያ የወጣችው ሴት ዋጋ ወርዶባት ትመለሳለች። እሷም ከዚያ ቅቤ ልትከፍለው ያሰበችው የማዳበሪያ ዕዳ አለባት። ዕዳ ባለመመለሱ ደመወዝ ቀረ፤ ደመወዝ በመቅረቱ ደግሞ ዕዳ አልተመለሰም። ይህን ቀለበት ከአንድ ቦታ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከየት ይቆረጥ ቢባል፣ ግማሹ በመንግሥት እጅ፣ ግማሹ በእኛ እጅ ነው።

በመንግሥት እጅ ያለውን በአጭሩ እላለሁ። የወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ጉድለት ቢመጣ ምን በቅድሚያ፣ ምን በመጨረሻ እንደሚቆረጥ አብሮ ይወስን፤ ጉድለቱ ከመጣ በኋላ በአስቸኳይ ስብሰባ አይደለም። የመምህራን ደመወዝና ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚሰጠው ድጎማ በመጨረሻው ረድፍ ይጻፉ። የዕዳ ተቀናሹ በአንድ የበጀት ዓመት ተጠራቅሞ ከሚመጣ በዓመታት ተከፋፍሎ እንዲቀነስ ክልሉ ከባንኩና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ይነጋገር። ዕዳውን ጨርሶ የከፈለ ቀበሌ ልጆች ባልከፈለው ቀበሌ ምክንያት እንዳይቀጡ አሠራር ይበጅ። ከሁሉም በፊት ግን ኦዲት ይደረግ፤ ዕዳው በማን እጅ ነው? በገበሬው፣ በማኅበሩ፣ ወይስ በመካከል በቀረ እጅ? ይህ ሳይታወቅ ገበሬውን ለዘመቻ መጥራት እባብ ያለበትን ጉድጓድ ትቶ ሌላውን መቆፈር ነው።

በእኛ እጅ ያለውን ግን ዘርዘር ላድርገው፤ ቤታችን ነውና።

ኅብረት ሥራ ከትምህርት ጋር የተወለደ ነገር ነው። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሸማኔዎችና እንደነርሱ ያሉ ድሆች፣ ጥቂት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ ይዘው ሱቅ ከፈቱ። የዛሬው የዓለም ኅብረት ሥራ ከዚያ ሱቅ የመጣ ነው። አሥር ዓመት ያህል ሲቆዩ ከትርፋቸው 2.5 በመቶውን ለትምህርት ብለው መለየት ጀመሩ፤ ቤተ መጻሕፍትና የጋዜጣ ማንበቢያ ክፍልም አቋቋሙ። ያን ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት በየአካባቢው ትምህርት ቤት እንዲኖር የሚያደርገው ሕግ ገና አልወጣም፤ የወጣው በ1870 እ.ኤ.አ. ነው። ሸማኔዎቹ መንግሥትን አልጠበቁም። በአገራችንም የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከፍትሐዊ ንግድ ከሚያገኘው ተጨማሪ ክፍያ በአባላቱ ቀበሌዎች ትምህርት ቤቶችን አሠርቷል። ለአካባቢ ኅብረተሰብ ማሰብ በእኛም የኅብረት ሥራ አዋጅ ውስጥ ከመርሆዎቹ አንዱ ነው።

እኛ የቡና ዩኒየን አይደለንም፤ የፍትሐዊ ንግድ ክፍያ በየዓመቱ አይመጣልንም። የእኛ ትልቁ የትምህርት መዋጮ ሌላ ነው፤ የማዳበሪያ ሒሳብን ንጹሕ አድርጎ መያዝ። ስለዚህ ለዩኒየኑ ቦርድና ለመሠረታዊ ማኅበራት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከመኸር ስብስብ በኋላ፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጅ። ምን ያህል ማዳበሪያ በዱቤ እንደተሰጠ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደተሰበሰበ፣ ከተሰበሰበው ምን ያህል ባንክ እንደገባና የገባበት ቀን፣ ምን ያህል እንደቀረ ይጻፍበት። ይህ ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ እንዲሁም በቀበሌው ትምህርት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የተበዳሪው ስም አይጻፍ፤ ሰውን ማሳፈር አልፈልግም፣ ሥራም አይደለም። የተሰበሰበውና የገባው ልዩነት ግን ይታይ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «አባዬ፣ የእኛ ማኅበር ይህን ያህል ሰብስቦ ይህን ያህል አስገብቷል» ቢል ለኮሚቴው ከማንኛውም ኦዲተር የበለጠ ያስፈራል።

ሁለተኛም አለ። ደመወዝ መክፈል የእኛ ሥራ አይደለም፤ ብንሞክርም አቅሙ የለንም፤ ለመንግሥትም ኃላፊነቱን እንዲተው ሰበብ እንሆናለን። ነገር ግን በመጋዘናችን እህል አለ፤ በሸማች ሱቆቻችን ዘይትና ስኳር የሚገባበት ጊዜ አለ። ደመወዝ በዘገየበት ወር መምህሩ በትምህርት ቤቱ ማረጋገጫ እህል በዱቤ ቢወስድና ደመወዙ ሲወጣ ቢከፍል ማኅበሩ ብዙ አይጎዳም። የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ባለበት ቦታ ከእርሱ ጋር ውል መግባት ይቻላል፤ ዋስትናውም የተሻለ ይሆናል። ማዳበሪያ በዱቤ ሲሰጠን የኖርን ሰዎች እህል በዱቤ ለመስጠት ልንከብድ አይገባም።

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ አባላት አስቀድሜ ስነግራቸው «መምህሩ ተዛውሮ ቢሄድስ?» አሉኝ። ይሄዳል፤ የሚሄድ አለ። ግን ደመወዝ ሳይከፈለው፣ ዱቤም ሳያገኝ የሚሄደው ይበዛል። ሲሄድም የሒሳቡ መምህር ነው የሚሄደው፤ ሌላ ሥራ የሚያገኘው እርሱ ነውና።

የዕዳ አሰባሰብ ወቅትን በተመለከተ ለሥራ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ ልጨምርና ልጨርስ። ገበሬው ገንዘብ የሚይዘው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ እህሉን በሸጠበት ወራት ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ሳምንት እንዲከፍል ስንገፋው እህሉን በአንድ ሳምንት ያወጣል፤ ዋጋውም ይወድቃል። በሁለት ክፍያ ቢሆን፣ አንዱ በጥር ሌላው በመጋቢት፣ ዩኒየኑም በመካከል እህሉን በተሻለ ዋጋ ቢገዛው፣ ገበሬው ያነሰ እህል ሸጦ ያንኑ ዕዳ ይከፍላል። ይህን ለመወሰን የክልል መመሪያ አያስፈልግም፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤትና የእኛ ቦርድ በአንድ ጠረጴዛ ከተቀመጡ ይበቃል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ይኑረው። እስከ ዛሬ በማዳበሪያ ስብሰባ ላይ ጠርተነው አናውቅም።

ሐሳቦቹ በዛሬው ቃለ ጉባኤ ተመዝግበው ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርቡ እጠይቃለሁ።